በወይራ የታጠነ ቀይ ሸክላ

ወንድሜ ከሞተ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ለመግባት የደፈረ አልነበረም። እናቴ በሩ ድረስ ትሄድና እጀታውን ጨብጣ ቆማ ትመለሳለች። እኔም እንደዚያው። እዚህ አልበርታ፣ ካስልሪጅ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ጠባብ ነው። ለቅሶ ሊደርሱን የመጡት ሰዎች ካፖርታቸውን የሚያኖሩበት ሲያጡ እንኳ ያንን ክፍል አልከፈትንም። ካፖርቱ ሁሉ የእኔ አልጋ ላይ ተቆለለ።

የሞተው በመኪና አደጋ ነው። ማለዳ ከሺፍት ሲመለስ መንገዱ በረዶ ይዞ ነበር። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ሞክሬ ትቼዋለሁ። መጻፍ የምችለው ስለ አንድ ዕቃ ነው።

ክፍሉን የከፈትነው አርባው ሲቃረብ ነው፤ ልብሱን ለሚለብሰው ለመስጠት። እናቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሸሚዞቹን ታጣጥፋለች፣ እኔ ከቁም ሳጥኑ እያወጣሁ አቀብላታለሁ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሹራቦቹ ኋላ፣ አንድ የእንጨት ሳጥን ነበር። ቀለም አልተቀባም። በጠፍጣፋ ገመድ ታስሯል። ክዳኑ ላይ በጥቁር ቀለም አንድ ነገር ተጽፎበታል፣ እኛ ግን የምናነበው ፊደል አይደለም። ስንከፍተው በቢጫ ጨርቅ የተጠቀለለ ሸክላ አገኘን።

ቀይ ነው። እንደ በርበሬ አይደለም፤ ብዙ ዓመት ፀሐይ የመታው ጡብ ዓይነት ቀይ፣ እዚህም እዚያም ወደ ሮዝ የሚያደላ። ከውጭ በአንድ ጎኑ ጢስ የነካው የመሰለ ግራጫ አለበት። ቁመቱ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም፣ አፉ ግን ሰፊ ነው። ጠርዙ ደግሞ ቀጥ አላለም፣ ከፍ ዝቅ ይላል። እውነቱን ለመናገር ጀማሪ የሠራው መሰለኝ። ሳነሳው ከባድ ይሆናል ብዬ በኃይል ስለያዝኩት ሊያመልጠኝ ነበር። በጣም ቀላል ነው።

እናቴ ተቀበለችኝና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አምጥቶልኝ ነበር» አለች በኋላ። «አምጥቶልኝ፣ ሳይሰጠኝ ቀረ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እናቴ በየወሩ በመድኃኔዓለም ቀን የሚሰበሰብ የጽዋ ማኅበር አላት። አብዛኞቹ እንደኛ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በልጅነታቸው በአማርኛ የተማሩ የአስመራ ሰዎች። ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ከዚያ ጠላ የተሞላው ጽዋ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፣ እስከ ወሩም በክብር ያስቀምጠዋል። የማኅበሩ የሸክላ ጽዋ ባለፈው ክረምት፣ ተረኛዋ ከመኪና ስትወርድ በረዶ አንሸራትቷት፣ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ በብርጭቆ ጆግ ነበር የሚጠጡት፣ ሁሉም ግን ቅር ይላቸው ነበር። እናቴን በየወሩ የሚያደርሳት ወንድሜ ነበር። አንድ ቀን ሴቶቹ ሲያማርሩ ሰማና፣ ግድ የላችሁም፣ እኔ ጥሩ ሸክላ ፈልጌ አመጣላችኋለሁ አላቸው። ማኅበርተኛው በሙሉ ሰምቶታል።

ስለዚህ ሸክላው የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ምን ይጠየቃል። ቃል ገብቶ ነበር፣ ዕቃው ይኸው።

አርባው ካለፈ በኋላ በነበረው ማኅበር እናቴ ሸክላውን ሳጥኑን ትታ በአዲስ ነጠላ ጠቅልላ ወሰደችው። ልጄ የገባው ቃል ነው፣ መታሰቢያ ይሁነው፣ ብላ ለቄሱ ሰጠች። ቄሱ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጸለዩበት፣ ባረኩት። ሴቶቹ አለቀሱ። ከዚያ ጠላ ተሞላበት።

የዚያን ቀን ጽዋውን ለመረከብ ተራ የደረሳቸው ኮርነርስቶን ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እትዬ ናቸው። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ሳያስቁ አይወጡም። ሸክላውን እያገላበጡ አዩትና፣ «ቆንጆ ናት፣ ግን ሚጢጢ። ልጃችን የእናንተን አጠጣጥ አይቶ ነው ትንሽ የመረጠው» አሉ። እናቴ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። እኔም ተራዬ ሲደርስ ጠጣሁ። ሸክላው ሲርስ ቀለሙ ጠቆር ማለቱን አስተውያለሁ፤ ሸክላ ሁሉ እንደዚያ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ትንሽ እንቅልፍ መተኛት ጀመረች። ልጇ ቃሉን ጨርሷል። እንዲህ ነበር የምትለው፤ በስልክ ለአክስቶቼም እንዲሁ ትነግራቸዋለች።

የወንድሜን ስልክ አልዘጋነውም። እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ታስቀምጠዋለች። አንድ ከሰዓት እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ጠራ። አነሳሁት። የአሮጊት ድምፅ ነው፣ ቀስ ያለ እንግሊዝኛ። ወንድሙ ነህ ወይ አሉኝ። ነኝ አልኩ። ወንድሜ ቤታቸው እየሄደ ይንከባከባቸው የነበሩ ሴት መሆናቸውን ነገሩኝ፣ ማረፉን የሰሙት መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሰው ሲልክላቸው እንደሆነም። እስካሁን ያልደወሉት ለእናታችን ጊዜ ለመስጠት ብለው ነው። ከዚያ ቀዩ የሻይ ዕቃዬ ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ወንድሜ ሆም ኬር ነበር የሚሠራው። አሮጊትና ሽማግሌዎች ቤት እየሄደ ያጥባቸዋል፣ መድኃኒታቸውን ያስውጣቸዋል፣ ምሳቸውን ያሞቅላቸዋል። ስለ ሥራው ብዙ አያወራም። አንዷን ግን «እማማ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ዛሬ እማማ ጋ ነኝ፣ እማማ እንዲህ አሉ፣ ይላል። እኛ ሐበሻ ይመስሉን ነበር።

በማግሥቱ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር ወዳለው የእማማ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ቀጭን፣ አጭር፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ ጃፓናዊት ናቸው። ሁለት እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ በሽታው ከጀመራቸው ቆይቷል። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል። አረጋውያን ወደሚኖሩበት ቤት ሊገቡ ነው፣ ዕቃቸው እየተጠቀለለ ነው። በኮሪደሩ በጎን በጎን እየሄድን ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል ገባን። ወለሉ በገለባ ምንጣፍ ተሸፍኗል፣ ሌላ ምንም የለበትም።

ወንድምህ እዚህ ነበር የሚቀመጠው አሉኝ፣ በእጃቸው እያሳዩ። እግሩ ረጅም ስለሆነ ማጠፍ ያቅተው ነበር፣ እዘረጋለሁ ብሎ ይለምናቸው ነበር።

የነገሩኝን በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ። ሸክላውን ከጃፓን ያመጡት አያታቸው ናቸው። ያን ጊዜም አሮጌ ነበር፤ አያታቸው የጃፓንን የሻይ ሥርዓት ካስተማሯቸው ሰው፣ እኚያም ከሌላ ሰው የተቀበሉት። ስንት ዓመቱ እንደሆነ እሳቸው በእርግጠኝነት አያውቁም፣ ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የሠሪውን ቤት ብቻ ነው የሚናገረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የዚህ አገር መንግሥት ጃፓኖቹን እንደ ጠላት ቆጥሮ ከባሕሩ ዳር አስነስቶ ወደዚህ ወደ አልበርታ እርሻ ሲልካቸው፣ አያታቸው ሸክላውን ሩዝ ከረጢት ውስጥ ቀብረው ነው ያመጡት። እማማ የተወለዱት እዚያ እርሻ ላይ ነው። እናታቸው ሳምንቱን ሙሉ የእርሻውን ምርት ሲለቅሙ ሰንብተው፣ እሑድ እሑድ በዚያ ሸክላ ሻይ ይመቱ ነበር።

ይመቱ ያልኩት ሻዩ ስለሚመታ ነው። የሻዩ ቅጠል እንደ ዱቄት የደቀቀ አረንጓዴ ነው። ሙቅ ውኃ ይጨመርበትና ከቀርከሃ በተሠራ መምቻ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል። እማማ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መምታት አልቻሉም። ሸክላው ሳጥኑ ውስጥ ተዘግቶበት ቀረ። ወንድሜ አንድ ቀን ሳጥኑን አይቶ ጠየቃቸው። እሳቸው ተቀምጠው እየነገሩት እሱ መታላቸው። መጀመሪያ ልብሱ ላይ ረጨው። ከዚያ በየሳምንቱ፣ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ ሺፍቱ ካለቀ በኋላ፣ በራሱ ሰዓት ማለት ነው፣ ተቀምጦ ይመታላቸው ነበር። ከጠጡ በኋላ እሱም ይጠጣል። ከዚያ ዕቃውን ያዩታል። የሻይ እንግዳ ጠጥቶ ሲጨርስ ሸክላውን ማየት አለበት አሉኝ፤ ዝቅ ብሎ፣ ክንዱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ እንዳይወድቅ ወለሉ አጠገብ ይዞ። ወንድምህ ማየት ይችልበት ነበር አሉ። ለሰውም እንዲሁ ነበር።

ይህን ሲሉ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ዕቃው መጠቅለል ሲጀምር ሠራተኞቹ አንዳንድ ነገር ሰበሩ፣ አንዳንዱም የት እንደገባ ጠፋ። ስለዚህ ቀዩን ሸክላ ለወንድሜ ሰጡት። ለዘለቄታው አይደለም። የእህታቸው የልጅ ልጅ በፀደይ ከቫንኩቨር መጥታ ትወስደዋለች። ሻይ ተምራለች፣ ከቤተሰቡ የቀረችው እሷ ናት። እስከዚያ አንተ ጋ ይቀመጥልኝ አሉት። እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ ወሰደው።

እሳቸው በእንግሊዝኛ ያሉት ይህን ብቻ ነው፣ ይቀመጥልኝ። እኔ ግን የሰማሁት አደራ ነው።

ልነግራቸው ነበር። አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። ይህ ሸክላ እንደ ሌላው ብዙ እሳት አልበላም፣ ለስላሳ ነው፣ የገባበትን ሁሉ ይጠጣል አሉ። እኛ ቤት ከሻይ በቀር ምንም ገብቶበት አያውቅም አሉ። አፌን ዘጋሁ። ደህና ነው፣ አልተሰበረም፣ አመጣዋለሁ ብቻ አልኩ።

ቤት ደርሼ መኪናውን ፓርክ ካደረግኩ በኋላ መውረድ አቃተኝ። ለራሴ እያሰብኩ አልነበረም። ለእናቴ ያንን እንቅልፍ የሰጣት ሸክላው ነው፤ አሁን እኔ ልነጥቃት ነው። ካልነገርኳት ደግሞ ወንድሜ የሰው አደራ አንገቱ ላይ እንዳለ ይቀራል። እናቴ በመስኮት አይታኝ ኖሮ ካፖርቷ ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች፣ በሩን ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠች። ምን ሆንክ አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከስልኩ ጀምሬ።

ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

«አሁን ልጄን ሌባ ልታደርገው ነው?»

«እማ፣ ሌባ አላልኩም። የሰው አደራ ነው አልኩ።»

«ለመድኃኔዓለም ሰጥቼዋለሁ እኮ። ቄስ ጸልዮበታል። ሰው ለእግዚአብሔር የሰጠውን ሄዶ ይቀማል?»

መኪናው ውስጥ ይበርዳል፣ ትንፋሻችን መስታወቱን ሸፍኖታል። እሷ በጣቷ መስታወቱን ጠረገች፣ የጎረቤት ልጆች በረዶ ሲገፉ ታየን። እናቴ ስትናደድ ታለቅሳለች፤ ያን ቀን ግን አላለቀሰችም።

«አልበላባቸውም» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን። «ሞት ቀደመው እንጂ አልበላባቸውም።»

ከመኪናው ወርዳ ቤት ገባች። ከዚያ ክፍሏ ውስጥ ሆና ለቄሱ ስትደውል ሰማሁ፤ ረጅም ጊዜ እሷ ብቻ አወራች። ወጥ ቤት ስትመጣ ያሏትን ነገረችኝ። ስለት በሰው ዕቃ አይሆንም፣ ጸሎቱ ለልጅሽ ነው፣ ዕቃው ለባለቤቱ ይመለስ ብለዋታል። ያ ብቻ። እንዲህ ማሳጠራቸው ነው እሷን ያበሳጫት። እኔ እንዲህ ስጨነቅ፣ እሳቸው እንደ ዶክተር ቀጠሮ በሁለት ቃል ጨረሱት አለች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ፣ ነገ ጠዋት ኮርነርስቶን ትወስደኛለህ አለችኝ።

ኮርነርስቶን ገና እየተሠራ ያለ ሰፈር ነው፣ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ሁለቴ ተሳስተን ነው ያገኘነው። እትዬ በሩን ከፍተው ሲያዩን ደስ አላቸው፣ ቁርስ ካልበላችሁ ብለው ያዙን። እናቴ አልቀመጥም አለች። መግቢያው ላይ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ቀና ሳትል ነገረቻቸው። እንዲህ ማለት ለእሷ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በማኅበሩ ፊት፣ ልጄ የገባው ቃል ነው ብላ የሰጠችውን ዕቃ፣ የእሱ አልነበረም ለማለት ነው የመጣችው።

እትዬ ሰሟት። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ምነው ትናንት በመጣሽ» አሉ።

ይዘውን ወደ ጋራዡ ወጡ። መሬቱ ላይ ጡብ ተደርድሮ፣ በላዩ አንድ አሮጌ ብረት ድስት አለ፣ በድስቱ ውስጥ የወይራ እንጨት አመድ። አጠገቡ ቀዩ ሸክላ ጨርቅ ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል። አጥነውታል።

አገራችን የጠላ ዕቃ ሁሉ እንደሚታጠን የማያውቅ የለም። ጋኑ ይታጠናል፣ ማሰሮው ይታጠናል፣ በወይራ ጢስ ተደፍቶ እስኪጠግብ፣ ጠላው መዓዛ እንዲኖረው። እትዬ የተረኝነታቸውን ወር ጠላ ሊጠነስሱ ነበር፤ የመድኃኔዓለም ጽዋ እንዴት ሳይታጠን ይቀርባል ብለው ከአዲስ አበባ መንገደኛ ያመጣላቸውን ወይራ ያውም ቆጥበው ያኖሩትን አውጥተው አጨሱት። ቤት ውስጥ የጢስ አላርሙ ስለሚጮህ ጋራዥ ውስጥ፣ ቅዝቃዜው ላይ ቁጭ ብለው።

እናቴ ሸክላውን አነሳችው። ውስጡ ሮዝ የነበረው ቡናማ ሆኗል፣ አንዳንድ ቦታ ጥቁር። ሽታው ከሩቅ ይጠራል።

እትዬ ሊያጽናኑን ሞከሩ። «እኔም እኮ ይቺ ሸክላ ጠላውን ከእኛ በላይ ትጠጣለች እያልኩ ነበር፤ ለካ የባዕድ አገር ልጅ ናት፣ ጠላ ብርቅ ሆኖባት ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም፣ እሳቸውም። ነጠላውን አምጥተው ራሳቸው ጠቀለሉት፣ ሲሰጧትም እናቴን ጉንጯን ስመው፣ ለማኅበሩ እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ አትናገሪም አሉ።

እማማ ጋ የሄድነው ከዚያው በቀጥታ ነው። ለማሳደር እናቴ ፈቃደኛ አልነበረችም። ሳጥኑን ከቤት ይዘን ነበር የወጣነው፤ መኪና ውስጥ ሸክላውን በቢጫው ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ አስገባችው፣ ገመዱን ግን እንዴት እንደነበረ ማሰር አልቻልንም። ሙሉውን መንገድ ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች።

ከመንገድ ስለደወልኩላቸው እማማ ሁለት ወንበር አዘጋጅተው ጠበቁን። እናቴ አልተቀመጠችም። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ተመለሰችና ቆመች፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው። እማማ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ጨርቁን ሲፈቱ ጊዜ ወሰደባቸው። ልረዳቸው ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። ጨርቁ ሳይገለጥ ሽታው ወጣ። መፍታቱን አቆሙ። ከዚያ ገለጡት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘውት ሄዱ፣ ውስጡን አዩ። ብዙ ቆዩ። ጀርባቸው ነበር ወደ እኛ።

እናቴ በአማርኛ ተናገረች፤ እንደሚሰሟት ሁሉ እሳቸውን እያየች።

«ልጄ አደራዎን አልበላም። ሞት ቀደመው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ። ተርጉምላቸው።»

ተረጎምኩላቸው። ስለ ማኅበሩም፣ ስለ ጠላውም፣ ስለ ወይራውም፣ እንግሊዝኛዬ የቻለውን ያህል ነገርኳቸው። ጢሱ ለምንድን ነው አሉኝ። የሚጠጡበት ሰዎች ደስ እንዲላቸው ነው፣ ለክብር ነው አልኩ። ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

«ለክብር» ብለው ደገሙት።

እናቴ የዕቃውን ውጭ ጎን፣ ያንን ግራጫ፣ በጣቷ እያመለከተች፣ እዚህም ጢስ ነበረ እኮ በላቸው አለችኝ። አልኳቸው። ያ ሌላ ነው አሉ፣ ያ ሲሠራ ከእሳቱ የመጣ ነው። ይህኛው አይለቅም። ፈገግ አላሉም። ልጅቷ ከቫንኩቨር ስትመጣ እውነቱን እነግራታለሁ፣ ትወስደው እንደሆነ እሷ ትወስን አሉ። አዝነዋል። አዝነው ሳለ አላዘንኩም የሚሉ ሰው አይደሉም፣ ለዚህም ይመስለኛል ወንድሜ የወደዳቸው።

እናቴ ይህንንም አስተረጎመችኝ። ራሷን ነቀነቀች። አሁንም አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ» አለች። «ከእኔ አይደለም። ከእሱ ተቀብያለሁ ይበሉ። ሌላ አልፈልግም።»

እንዴት አድርጌ እንደምለው ጠፋኝ። ሦስት ጊዜ ያህል ጀምሬ አቆምኩ። በመጨረሻ እንዲህ አልኳቸው፣ በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ሳይመልስ የሞተ ሰው አያርፍም፤ እናቴ እርስዎ ከእሱ እጅ እንደተቀበሉ ሲናገሩ መስማት ትፈልጋለች።

እማማ ሸክላውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ልብሳቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። እናቴም ሳታስበው እንደኛው ደንብ አጎንብሳ እጅ ነሳች፣ ሁለቱም ዝቅ እንዳሉ ትንሽ ቆዩ።

«ከልጅሽ ተቀብያለሁ» አሉ። «ሰጠሁት፣ ጠበቀልኝ፣ መለሰልኝ።»

ተረጎምኩላት። እናቴ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

ከዚያ ስለሆነው ብዙ አልጽፍም። እማማ ውኃ አፍልጥ አሉኝ። ሸክላው መጀመሪያ በሞቀ ውኃ መራስ አለበት አሉ፤ ውኃው ሲነካው የወይራው ሽታ ተነስቶ ቤቱን ሞላው፣ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ዱቄቱን እሳቸው እየነገሩኝ ጨመርኩ፣ መታሁ፣ አረፋ አላወጣልኝም፣ እጅህን ዘና አድርግ አሉኝ። ለእናቴ አቀረብኩላት። ሸክላው በግራ መዳፍ ላይ እንደሚያርፍ ስነግራት፣ በግራ እጅ ይበላል እንዴ አለች፤ እማማ ምን አለች ብለው ጠየቁ፣ ስነግራቸው ሳቁ። የእናቴን ግራ እጅ ራሳቸው ዘረጉላት፣ ቀኟን ጎኑ ላይ አስያዟት። ስትጠጣ ፊቷ ኮመተረ፣ መራራ ነው። ቢሆንም ጨረሰችው።

ከዚያ እይው አሏት።

እናቴ ያን ሸክላ ስንት ጊዜ ይዛው ነበር። በነጠላ ጠቅልላዋለች፣ አልቅሳበታለች። አይታው ግን አታውቅም ነበር፣ እኔም እንደዚያው። ያን ጊዜ የልጇ ቃል ነበር፣ ከዚያ ደግሞ የልጇ ዕዳ። አሁን ሸክላ ነው። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ሄደችበት፤ አንድ ቦታ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ከሩቅ እንደሚታይ የተራራ መስመር። እማማ በእጅ ተጨምቆ ነው የተሠራው፣ ያለ ማሽከርከሪያ፣ ከዚያ በቢላ ተፋቀ አሏት። የቢላውን መንገድ አሳዩዋት፣ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ነው የሄደው፣ ሰውየው ሳያመነታ ነው የፋቀው። እናቴ ሰውየው አሁን ሞቷል አይደል አለች። ከሞተ በጣም ቆይቷል አሉ እማማ። ራሷን ነቀነቀች፣ ሰውየውን እንደምታውቀው ሁሉ።

ውጭ ቀኑ መጥቆር ጀምሮ ነበር። ማንም አልቸኮለም። እናቴ ሸክላውን አንድ ጊዜ ገልብጣ ታቹን አየች፣ አቀናችው፣ በሁለት እጇ ወደ እማማ ዘረጋችው። እማማ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጥሩ አድርገው መያዝ አልቻሉም። እናቴ የእሷን እጅ ከሥር አልለቀቀችም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይዘውት ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።